ሰርትራሊኑን ሳያቋርጡ ሥልጠናውን ይጀምሩ፦ በዙም ስለሚሰጥ የቡድን ሜዲቴሽን ሕክምና

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 38 ነው። የምኖረው እንግሊዝ አገር ሲሆን በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በፈረቃ እሠራለሁ። ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ሦስት ጊዜ በድባቴ ታምሜአለሁ። ሰርትራሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት 100 ሚሊ ግራም እወስዳለሁ፤ ደኅና ከሆንኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። አሁን በዙም የሚሰጥ የስምንት ሳምንት የቡድን ሜዲቴሽን ሕክምና እንድገባ ተጋብዣለሁ። ሜዲቴሽን ከመድኃኒት እኩል መሆኑን ጥናት አረጋግጧል ሲባል ስለሰማሁ ኪኒኑን ትቼ እሱን ብቻ ብይዝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጭ ይሆን? ዳዊት ስደግም እንኳ ሐሳቤ ይበተናል፤ ጭንቅላቴን ባዶ አድርጌ መቀመጥ እንዴት እችላለሁ? ጓደኛዬ በስልኳ አፕ ትለማመዳለች፤ ያው አይደለም ወይ? በማላውቃቸው ሰዎች ፊት መናገሩም ይከብደኛል። ሥራ ቦታ አለቃዬ ሰላም ሳትለኝ ካለፈች ቀኔ ሁሉ ይበላሻል። ሕመሙ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ የማደርገው የእናቴን ስልክ አለማንሣት ነው።»

ምላሽ፦ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ አደጋ ያለበት የመድኃኒቱ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። ሥልጠናውን ይግቡበት፤ መድኃኒቱን ግን ሥልጠናው አልቆ ከሐኪምዎ ጋር እስኪነጋገሩ ድረስ አይንኩት። የሰሙት ጥናት በእርግጥ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሲሆን፣ እዚያው እንግሊዝ አገር ቢያንስ ሦስት ጊዜ በድባቴ የታመሙና እንዳያገረሽባቸው መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ 424 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ መድኃኒታቸውን እንዲቀጥሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ እርስዎ የተጋበዙበትን ዓይነት ሥልጠና እየወሰዱ መድኃኒቱን እንዲቀንሱ ወይም እንዲያቆሙ አደረገ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 47 በመቶው፣ ከሁለተኞቹ 44 በመቶው እንደገና ታመሙ። ጥናቱ የጠየቀው ሥልጠናው ከመድኃኒቱ ይበልጣል ወይ ብሎ ነበር፤ ብልጫ አላገኘም። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ሁለት ነገር ተንጠባጥቦ ቀርቷል። መድኃኒቱን የቀነሱት ሰዎች በሐኪሞቻቸው ክትትል፣ ደረጃ በደረጃ ነው የቀነሱት። ደግሞም በሁለቱም ወገን ከመቶ ሰው ከአርባ በላይ የሚሆነው አገርሽቶበታል።

ከዚህ ጎን ለጎን በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የእንግሊዝ ጥናት መታወቅ አለበት። ለረጅም ጊዜ የድባቴ መድኃኒት ሲወስዱ ከቆዩና ለማቆም የሚያስችል ደኅንነት ይሰማናል ካሉ 478 ሰዎች መካከል፣ ግማሾቹ መድኃኒታቸው ሳያውቁት ቀስ በቀስ ምንም በሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ተተካ። በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒቱ ከተተካባቸው 56 በመቶው አገረሸባቸው፤ መድኃኒቱን ከቀጠሉት ግን 39 በመቶው ነበር። እነዚህ ሰዎች ሥልጠናውን አልወሰዱም፤ ስለዚህ ቁጥሩ የእርስዎን ሁኔታ በቀጥታ አይገልጽም። «ደኅና ሆኛለሁ» የሚለው ስሜት ብቻውን ለማቆም በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ግን በግልጽ ያሳያል። የአገሪቱ የሕክምና መመሪያም ሰው ከዳነ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ደጋግሞ የታመመ ከሆነ ደግሞ ከዚያም አልፎ መድኃኒቱን መቀጠሉ እንዲታሰብ ይመክራል። ሦስት ጊዜ ለታመመ ሰው ስምንት ወር ገና ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሰርትራሊን በድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ ኤሌክትሪክ እንደነካው ዓይነት የጭንቅላት ንዝረት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭትና እንባ ሊያመጣ ይችላል። ሥልጠናው በበኩሉ የተሸፈነ ስሜትን ስለሚገልጥ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበድ ሊሉ ይችላሉ። ሕመሙም ሲመለስ ከእነዚሁ ምልክቶች አንዳንዶቹን፣ እንደ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭትና እንባ ያሉትን፣ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሦስቱ በአንድ ሳምንት ቢገጣጠሙ እርስዎም ሆኑ ሐኪምዎ የቱ ከየት እንደመጣ መለየት አትችሉም፤ ያልለዩትን ነገር ደግሞ ማከም ያስቸግራል።

አሁን ሥልጠናው ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ድባቴ በምን መንገድ እንደሚመለስ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ከታመሙ ሰዎች ቢያንስ ግማሾቹ ዳግመኛ ይታመማሉ፤ በተደጋገመ ቁጥርም ዕድሉ እየሰፋ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው ሰውየው ደካማ ወይም እምነት የጎደለው ስለሆነ አይደለም። በሕመሙ ወራት ኀዘን፣ የሰውነት መዛልና «እኔ ለምንም አልረባም» የሚለው ሐሳብ አብረው ስለሚከርሙ አንዱ ሌላውን መጥራት ይለምዳል። ሰውየው ከዳነ በኋላም ማንኛውም ሰው የሚገጥመው ትንሽ ኀዘን ሲመጣ የቀድሞዎቹ ሐሳቦች ተከትለውት ይገባሉ። ከዚያ ማብሰልሰል ይጀመራል፦ ለምን እንዲህ ሆንኩ፣ ምን አጥፍቼ ነው፣ መጨረሻዬ ምንድን ነው። የሚያብሰለስል ሰው መፍትሔ እየፈለገ ይመስለዋል፤ ኀዘኑ ግን በዚያው በመብሰልሰሉ እየከበደ ይሄዳል።

አለቃዎ ሰላም ሳትልዎ ያለፈችበትን ጠዋት እንውሰድ። ዓይንዎ ያየው አንዲት ሴት ፋይል ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ ነው። የቀረውን የጨመረው ሐሳብ ነው፦ «ጠልታኛለች፤ ሥራዬ አልጣማትም፤ ዱሮስ ማን ወዶኝ ያውቃል።» እጅዎ አልጋ ያነጥፋል፤ ልብዎ ግን ገና ኮሪደሩ ላይ ነው። ምሳ አልበላም ይላሉ፤ ማታ የእናትዎ ስልክ ይጮኻል፤ ዝም ይላሉ። በሥልጠናው ሁለተኛ ሳምንት ከዚህ ጋር በጣም የሚመሳሰል ልምምድ ይገጥምዎታል። ተሳታፊዎች ዓይናቸውን ጨፍነው መንገድ ላይ አንድ የሚያውቁትን ሰው ከማዶ አይተው ሰላም ሲሉት፣ እሱ ግን ሳያያቸው ሲያልፍ በሐሳባቸው ይሥሉና የመጣላቸውን ይናገራሉ። አንዱ «ተቀይሞኛል» ይላል፤ ሌላዋ «አላየኝም»፤ ሦስተኛው «ምን ሆኖ ይሆን?»። የሆነው ነገር አንድ ሆኖ ሳለ በየሰዉ ልብ የተጻፈው ታሪክ መለያየቱ በዚያች ቅጽበት ይታያል። እኛ ዘንድ ሰላምታ መንሣት ከባድ ነገር ስለሆነ ይህ ልምምድ የአገራችንን ሰዎች አብልጦ ሲያማቸው፣ ስለዚህም አብልጦ ሲያስተምራቸው አይቻለሁ።

ሕክምናው በአጭሩ ኤምቢሲቲ ይባላል። በአማርኛ ሐሳብን ልብ በማለት ላይ የተመሠረተ የሥነ ልቦና ሕክምና ልንለው እንችላለን። ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲዝዴል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ የቀረጹት፣ በተለይ ድባቴ እንዳያገረሽ ለመከላከል ነው። ሁለት ነገሮችን ያጣምራል፤ አንዱ ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የጀመረው የሜዲቴሽን ሥልጠና ሲሆን፣ ሌላው ሐሳብና ስሜት እንዴት እንደሚያያዙ የሚያስተምረው ሲቢቲ የተባለ የንግግር ሕክምና ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው የመጀመሪያው ጥናት ውጤት ለእርስዎ ቁም ነገር አለው፦ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ታምመው ከነበሩት መካከል በተለመደው ክትትል ብቻ ከቆዩት 66 በመቶው፣ ሥልጠናውን ከወሰዱት 37 በመቶው ነበር በአንድ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ዳግም የታመሙት። ሁለት ጊዜ ብቻ ታምመው በነበሩት ላይ ግን ጥቅም አልታየም። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ጥናቶች ተጠቃልለው 1,258 ሰዎች ሲታዩ ሥልጠናውን ከወሰዱት 38 በመቶው፣ ካልወሰዱት 49 በመቶው ዳግም ታምመው ተገኝተዋል፤ ከመጀመሪያው ጠበብ ያለ ቢሆንም እውነተኛ ልዩነት ነው። እርስዎ ሦስት ጊዜ ታምመው አሁን ደኅና መሆንዎ ሕክምናው ከታሰበላቸው ሰዎች መካከል ያስቀምጥዎታል።

ጭንቅላትን ባዶ ማድረግ የሚባለው በስፋት የተሠራጨ ስሕተት ነው። ይህን የሚጠይቅዎት የለም፤ ሊሆንም አይችልም። ትኩረትዎን እስትንፋስዎ ላይ ያሳርፋሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ሐሳብዎ ወደ ቤት ኪራይ ወይም ወደ ትናንቱ ፈረቃ ይሄዳል፤ መሄዱን ልብ ይላሉ፤ ራስዎን ሳይገሥጹ ወደ እስትንፋስዎ ይመለሳሉ። ልምምዱ ይኸው ነው። በአርባ ደቂቃ ውስጥ መቶ ጊዜ ቢበተን መቶ ጊዜ መመለስ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ቀርቶ የነበረውን ልብ ወደ አልጋው የሚመልሰው ጡንቻም የሚጠነክረው በዚሁ መመላለስ ነው። የመጀመሪያው ቀን የሚጀመረው በአንዲት የዘቢብ ፍሬ ነው። እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ይዞ ይቀርብና መዳፉ ላይ አድርጎ መጨማደዷን ያያል፤ በጣቶቹ ያሻታል፤ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ያሸታል፤ ምላሱ ላይ አኑሮ ጥቂት ሳያኝክ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ያኝካል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ ይመስለዋል። ሲጨርሱ ግን አንድ ሰው ዘወትር «እስከ ዛሬ ዘቢብ በልቼ አላውቅም ማለት ነው» ይላል። ማሽተትና መቅመስ ሳያስተውሉት እንደሚያልፍ ሁሉ፣ «አልረባም» የሚለውም ሐሳብ ሳያስተውሉት ስለሚገባ ነው ከዚህ የሚጀመረው።

ስለ ሃይማኖትዎ ሳልሸሽግ እነግርዎታለሁ። ልምምዶቹ ከቡድሂዝም የሜዲቴሽን ትውፊት የተወሰዱ ናቸው። በሕክምናው ውስጥ ግን አምልኮ፣ ስግደት፣ የሚደጋገም ቃል ወይም የሚጠራ ስም የለም፤ የሚታዩት እስትንፋስ፣ ሰውነት፣ ድምፅና ሐሳብ ናቸው። ከዮጋ የተወሰዱ የመንጠራራት እንቅስቃሴዎች አሉ፤ ኅሊናዎን የሚከብድዎ ከሆነ ቡድኑን ለምትመራው ባለሙያ አስቀድመው ይንገሯት፤ በዝግታ መራመድ ሊተካው ይችላል። ለንስሐ አባትዎም «ሜዲቴሽን» በሚለው ቃል ብቻ ሳይሆን የሚሠራውን በዝርዝር ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ቃሉ ብቻ ሲሰማ የሚሣለው ሥዕል ከነገሩ በጣም የራቀ ነውና። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ፦ ልምምዱን ወደ ጸሎት አይለውጡት፤ ጸሎትዎንም በልምምዱ አይተኩት። በጸሎት ወደ እግዚአብሔር ይናገራሉ፤ በልምምዱ ደግሞ የራስዎ ልብ የሚሠራውን ይመለከታሉ። ሁለቱ ሲደባለቁ ሰው ሐሳቡ በተበተነ ቁጥር እንደ ኃጢአት ይቆጥረውና ሌላ የመብሰልሰል ምክንያት ያገኛል። ለየብቻ ጊዜ ይስጧቸው።

ቋንቋው እንዳያስፈራዎትም አንድ ነገር ልጨምር። ቡድኑ የሚመራው በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ መመሪያዎቹ ቀላል ስለሆኑ ሥራ ለመሥራት የሚበቃ እንግሊዝኛ ይበቃዎታል። የሚያስቸግረው «ምን ተሰማዎት?» ሲባሉ የስሜት ስም መፈለጉ ነው። አማርኛ ግን ስሜትን ከጥንት ጀምሮ በሰውነት ይናገራል፦ ሆዴ ባባ፣ ደረቴን አፈነኝ፣ አንጀቴ ቆረጠ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። መሪዋ የምትጠይቅዎትም ስሜቱ በሰውነትዎ የት እንዳለ ስለሆነ፣ እንግሊዝ ጎረቤትዎ በስምንት ሳምንት የሚማረውን እርስዎ ከእናትዎ ቤት ይዘውት መጥተዋል። በማስታወሻ ደብተርዎ በአማርኛ ይጻፉ፤ በቡድኑ ውስጥ «ሆዴ አካባቢ ይከብደኛል» ማለት ሙሉ መልስ ነው።

ጓደኛዎ ስልኳ ላይ የምትጠቀምበት አፕ ሊያረጋጋት ይችላል፤ ነገር ግን ያው ነገር አይደለም። አፕ ቅድመ ምርመራ አያደርግልዎትም፤ ሁለት ሳምንት ሲጠፉ አይደውልልዎትም፤ ፊትዎ ሲለዋወጥ አያይም። በቴሌግራም መቶ ሁለት መቶ ሰው ሰብስቦ «ፈውስ» የሚል ስም የተሰጠው ሜዲቴሽንም ሕክምና አይደለም። በአካል ሳይገናኙ በስክሪን መሰጠቱን በተመለከተ ግን መጠራጠር ተገቢ ቢሆንም ማስረጃው ያጽናናል። በ2025 እ.ኤ.አ. በላንሴት ሳይካትሪ የታተመ ጥናት፣ በእንግሊዝ የመንግሥት የጤና አገልግሎት (ኤን ኤች ኤስ) የንግግር ሕክምና ጨርሰው ያልዳኑ 234 ሰዎችን ወስዶ፣ ግማሾቹ ይህንኑ የቡድን ሥልጠና በቪዲዮ እንዲከታተሉ ሲያደርግ፣ ከተለመደው ክትትል ይልቅ የተሻለ መሻሻል አግኝቶባቸዋል። መሻሻሉ መጠነኛ ነው፤ ተአምር አልተባለም። የንግግር ሕክምና ላላዳናቸው ሰዎች ግን መጠነኛ መሻሻል ብዙ ነው።

በስክሪን ሲሆን ከባዱ ነገር ቤቱ ነው። ክፍል ከሌላ ሰው ጋር የሚጋሩ ከሆነ በየሳምንቱ ለሚሰጠው የሁለት ሰዓት ክፍለ ጊዜ ብቻዎን የሚሆኑበትን ቦታ ሥልጠናው ሳይጀመር ያመቻቹ፤ ግድግዳው ስስ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ። በስልክ ከሚሆን በላፕቶፕ ይሻላል፤ ስልክ ከሆነም ከዓይንዎ እኩል አቁመው ከእጅዎ ያውጡት፤ መልእክቶችንም ይዝጉ። ካሜራዎ ክፍት ይሁን፤ መሪዋ የምትጠብቅዎት በዚያ ነው። ዓይንዎን ሲጨፍኑ የሚታይ ፊት እንዳይረብሽዎ የራስዎን ምስል ከስክሪኑ መደበቅ ይቻላል። የቡድኑ ሕግ መቅረጽን ይከለክላል፤ የመጀመሪያ ስም ብቻ መጠቀምም ይችላሉ። የሚያውቅዎት ሐበሻ ቢገጥምዎ ለመሪዋ በግል ይንገሩ፤ ቡድን መቀየር ነውር የለውም። የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩን የሚል ሰውም የለም፤ የሚጠየቁት ዛሬ በልምምዱ ምን እንዳስተዋሉ ነው፤ ዝም ብሎ ማዳመጥም ይፈቀዳል። ስማቸውንም በደንብ የማያውቋቸው ሰዎች እርስዎ የብቻዎ ነውር አድርገው የያዙትን ሐሳብ ቃል በቃል ሲናገሩት መስማት ከሜዲቴሽኑ ያላነሰ መድኃኒት ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ከመግባትዎ በፊት መሪዋ ለብቻዎ ታነጋግርዎታለች፤ እዚያ አይሸሽጉ። አሁን ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት፣ ድባቴው ከአልጋ እስከማያስነሣ የከበደበት፣ እውነታን የሚያዛባ ሕመም ወይም ያልተረጋጋ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ያለበት፣ በመጠጥ ወይም በጫት ጭንቀቱን የሚሸፍን፣ ቅርብ ጊዜ ሰው ሞቶበት ለቅሶው ያልወጣለት ሰው ሌላ ሕክምና ይቀድምለታል። በበረሃ፣ በባሕር ወይም በእስር አልፈው የመጡ ከሆነ፣ በጸጥታ ዓይን ጨፍኖ እስትንፋስን መከታተል ያንን ጊዜ ሊመልሰው ይችላል፤ ያን ጊዜ ዓይንዎን ይክፈቱ፣ ትኩረትዎን ወለሉን የረገጠው እግርዎ ላይ ያድርጉ፣ ለመሪዋም ይንገሩ። መታገሥ እዚህ ላይ ብርታት አይደለም። መሪዋ በአጠገብዎ ስለማትገኝ አድራሻዎንና የአንድ ቅርብ ሰው ስልክ ቁጥር አስቀድመው ይስጧት። በመካከሉ ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ እንግሊዝ ውስጥ 111 ደውለው 2 ቁጥርን ይጫኑ፤ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ 999 ነው። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች 988 ይደውሉ።

ሥልጠናው የማይችለውንም ይወቁት። የሌሊት ፈረቃን አያስቀርም፤ ኪራይ አይቀንስም፤ የናፍቆትን ምክንያት አያነሣም። አለቃዎ በእርግጥ የምታጉላላዎ ከሆነ ሐሳብን ከራቅ ብሎ ማየት መብትን የመጠየቅ ምትክ አይሆንም። በየቀኑ አርባ ደቂቃ ያህል፣ በሳምንት ስድስት ቀን በቤት መለማመድም ይጠበቅብዎታል፤ ሳምንታዊውን ሁለት ሰዓት ብቻ ተገኝቶ ከሚሄድ ሰው ብዙ አይጠበቅም። ከሌሊት ፈረቃ እንደተመለሱ አይሞክሩት፤ እንቅልፍ ይወስድዎታል። ተኝተው ከተነሡ በኋላ፣ ስልክ ሳይከፍቱ ያለውን ሰዓት ይምረጡ። ሳምንታዊውን ክፍለ ጊዜ ለመገኘት ፈረቃዎን ከወዲሁ ያስተካክሉ፤ ከስምንቱ ሁለት ሦስቱ የሚያመልጡዎት ከሆነ ለሚቀጥለው ዙር መቆየት ይሻላል። ይህ ፈጽሞ የማይሆንልዎ ከሆነ ለብቻ የሚሰጥ ሲቢቲ አለ፤ ያለ ሐኪም ደብዳቤ በቀጥታ ለንግግር ሕክምና አገልግሎቱ አመልክተው ሊጠይቁት ይችላሉ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በዚህ ሳምንት ለጂፒዎ (ለቤተሰብ ሐኪምዎ) ሥልጠናውን እንደሚጀምሩ ይንገሩና የመድኃኒቱን መጠን እንዳለ ይቀጥሉ። ስምንቱን ሳምንት ይጨርሱ። ከዚያ በኋላ ልምምዱን ለጥቂት ወራት በራስዎ ማቆየት ከቻሉና ደኅንነትዎ ከጸና፣ ያን ጊዜ ስለ መቀነስ ከጂፒዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ሲቀንሱም በወራት የሚለካ ዝግታ ይሁን፤ የሌላ ችግር ወቅት፣ የጉዞ ወይም የሐዘን ጊዜ አይሁን። መቀነሱ አልሆን ካለ መድኃኒቱን መቀጠል ሽንፈት ተደርጎ አይቆጠር፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል።

ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት እያንዳንዱ ተሳታፊ ሕመሙ ሊመለስ ሲል የሚያሳያቸውን ምልክቶችና ያን ጊዜ የሚያደርገውን በወረቀት ይጽፋል። እርስዎ የመጀመሪያውን መስመር አስቀድመው ጽፈውልኛል፤ «የእናቴን ስልክ አለማንሣት»። በአማርኛ ይጻፉትና ከሥሩ የሚያደርጉትን ያስቀምጡ፦ ሦስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ እስትንፋስን ማየት፣ ባያወሩም መልሶ መደወል፣ ሦስት ቀን ካለፈው ለጂፒ መንገር። አንዱን ቅጂ ሁልጊዜ ለምታገኝዎ ጓደኛዎ ይስጧት፤ ስልኩ ሲጮኽ ዝም ማለትዎን ከእርስዎ ቀድማ የምታየው እሷ ልትሆን ትችላለች።